«ቲቸር፣ ቀን ይጨመርልን»

አሳይመንቱ ነገ ጧት የሚገባ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አንዱ «ጨርሳችኋል እንዴ?» ይላል። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ዝም ይሆናል፤ ከዚያ የሚያለቅሱ ኢሞጂዎች ይደረደራሉ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ተወካዩ ለመምህሩ ይጽፋል፦ «ቲቸር፣ በዚህ ሰዓት ስለረበሽኩዎት ይቅርታ፣ ተማሪዎቹ ቀን ይጨመርልን እያሉ ነው።» መምህሩም «እሺ፣ እስከ ሰኞ» ይላሉ። ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ በዙሪያውም ባሉት የግል ኮሌጆች ይህን ልውውጥ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

በዚያች «እሺ» የሚጎዳ ሰው አለ። ሁለት ሌሊት እንቅልፉን ትቶ ሥራውን የጨረሰው ልጅ፣ እነዚያን ሌሊቶች ለሚድ ማጥኛ ሊያውላቸው ይችል ነበር። በሚቀጥለው አሳይመንት እሱም አይጨርስም። ሦስተኛው ላይ ክፍሉ በሙሉ የተሰጠውን ቀን እንደ መነሻ ዋጋ ያየዋል፤ መርካቶ ገብቶ መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ የሚከፍል ማን አለ?

ስለ ዴድላይን ሲነሳ ክርክሩ ሁሌ «ይጥበቅ ወይስ ይላላ» ላይ ይቆማል። እኔ የሚያሳስበኝ ማላላቱ መቼና የት ተጻፈ የሚለው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኮርስ አውትላይኑ ላይ ለሁሉም እኩል የሰፈረ ማላላት መብት ይሆናል። በመጨረሻዋ ሌሊት በልመና የሚገኝ ግን ለደፋር ብቻ የሚደርስ ስጦታ ነው። ይሉኝታ በዚህ ጉዳይ ሁለቱንም ወገን ይዞ ያስራል። መምህሩ «ጨካኝ ነው» መባልን ፈርተው ይፈቅዳሉ። እናቷ ሆስፒታል የተኙባት ልጅ ደግሞ «ሰበብ ፈለገች» እባላለሁ ብላ ሳትጠይቅ ትቀራለች። መጠየቅ የማያሳፍረው፣ ለዚያውም ብዙ ጊዜ ችግሩ ቀላል የሆነው፣ ሦስት ቀን አግኝቶ ይሄዳል። «እኔኮ ደግ ነኝ፣ የጠየቀኝን ሁሉ እፈቅዳለሁ» የሚሉ መምህራን ያልጠየቋቸውን ቢቆጥሩ ደስ ይለኛል።

ጥብቅ ቀን የሚደግፉ ሰዎች የያዙት እውነት አለ። ሰው የራሱን ሥራ ጊዜ መገመት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የካናዳ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቆ ነበር። ግምታቸው በአማካይ 34 ቀን ገደማ ነበር። «ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ?» ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነው። ከክፉው ግምታቸው እንኳ አለፉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ዳን አሪዬሊና ክላውስ ቨርተንብሮች በአንድ የ14 ሳምንት ኮርስ ሦስት ጽሑፍ የሚያስገቡ ሁለት ክፍሎችን አወዳድረው ነበር። ለአንዱ ክፍል ቀኖቹ በእኩል ርቀት ተወሰኑለት፤ ሌላው የራሱን ቀን መርጦ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ተደረገ፤ ለዘገየ ቀን ሁሉ 1 በመቶ ይቀነሳል። ቀን የተወሰነላቸው የተሻለ ውጤት አመጡ። ከመራጮቹ ከሩብ በላዩ ሦስቱንም ጽሑፍ ለመጨረሻው ቀን ነበር ያደረጉት። አሪዬሊ የተሳተፈበት ሌላ ጽሑፍ በመረጃ ችግር እ.ኤ.አ. በ2021 ስለተሰረዘ ክርክሬን በሙሉ በዚህ ላይ አልሰቅልም። ሆኖም ውጤቱ በየክፍሉ ከምናየው ጋር ይገጥማል፦ «በፈለጋችሁት ጊዜ አስገቡ» የተባለ አሳይመንት የሚሠራው በ15ኛው ሳምንት ነው።

አሁን ሸክሙን በቁጥር እንየው። አንድ ሴሚስተር በተለምዶ 30 ኢሲቲኤስ (የትምህርት ጭነት መለኪያ) ነው፤ አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይቆጠራል። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ47 እስከ 56 ሰዓት ይወጣል፤ ክፍል መግባቱም፣ ንባቡም፣ አሳይመንቱም ተደምሮ። ስድስት ኮርስ በየኮርሱ ሁለት አሳይመንትና አንድ ሚድ ቢኖረው 18 ቀነ ገደብ ነው። 18ቱ በ16 ሳምንት ቢበተኑ ማንንም አይገድሉም። የሚገድለው መምህራኑ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አስበው አንድ ዓይነት መልስ ላይ መድረሳቸው ነው፤ ሚዱ 8ኛው ሳምንት፣ አሳይመንቱ ደግሞ ፋይናል ሊደርስ ሲል 14ኛው። በዚያ ሳምንት አምስት ሥራ የተደራረበበት ተማሪ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም። ሰዓቱን መደመር ብቻ ይበቃል።

መድኃኒቱ አንድ ወረቀት ነው። አውትላይኖቹ በተሰጡ በሁለተኛው ሳምንት ተወካዩ 16 ረድፍና ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠርቶ ቀኖቹን ይሙላ። በአንድ ሳምንት ሦስትና ከዚያ በላይ የተደረበበት ረድፍ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህን ይዞ በሦስተኛው ሳምንት ቢሮ የሚመጣ ተወካይ «ቲቸር፣ የእርስዎ ከሌሎች ሁለት ጋር 14ኛው ሳምንት ላይ ገጥሟል፣ ወደ 12ኛው ቢመጣልን» ሲል መምህሩ እምቢ የሚሉበት ምክንያት የላቸውም። ያው ጥያቄ በ14ኛው ሳምንት ማታ በቴሌግራም ሲመጣ ልመና ነው።

ቀኑ ራሱ አጻጻፉ ብዙ ያበላሻል። ሙድል ላይ፣ አሳይመንት በኦንላይን የሚገባበት ሲስተም ነው፣ ሰዓቱ ካልተነካ ብዙ ጊዜ 00:00 ሆኖ ይቀመጣል። «ዓርብ 00:00» ማለት ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ተማሪው ግን «ዓርብ» የምትለዋን አይቶ ዓርብን በሙሉ የእሱ ያደርጋል። ጉግል ክላስሩም ቀን ብቻ ሲሰጠው 11:59 ፒኤም ያስባል፤ በእኛ ከምሽቱ 5:59። «እስከ 11 ሰዓት» ተብሎ በግሩፕ ሲጻፍ ግማሹ ከቀኑ 11፣ ሌላው በፈረንጅ 11 ብሎ ይረዳዋል፤ በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ። ሰርቨሩ የሰዓት ቀጠናው ካልተስተካከለ ደግሞ ሌላ ሦስት ሰዓት ይዛነፋል፦ መምህሩ 17:00 ብለው ያስገቡት ለተማሪው ማታ 2 ሰዓት ሆኖ ይታያል። ቀኑንም «10/4» ብሎ መጻፍ አደጋ ነው፤ ለአንዱ ታኅሣሥ 10፣ ለሌላው ኤፕሪል 10፣ ለሦስተኛው ኦክቶበር 4 ነው። የሳምንቱ ቀን፣ የወሩ ስም፣ ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፦ «ዓርብ ታኅሣሥ 10፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ሲስተሙ ላይ 17:00»። አንድ መስመር ናት፣ ግን ግማሽ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ከሌሊቱ ይልቅ ከቀኑ 11 ሰዓትን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። ሲስተሙ ቢበላሽ የሚደወልለት የአይቲ ሠራተኛ ገና ቢሮ ነው። መብራት ከሰፈር ቢጠፋ ግቢ መምጣት ይቻላል። ተማሪውም ይተኛል። ሌሊት 5:59 የተባለ ቀን ግን እስከ 9 ሰዓት ድረስ የሚቆይ ትርምስ ይወልዳል።

የበዓላትን ነገር አዲስ አበባ ውስጥ መርሳት ከባድ ነው፤ ሆኖም ይረሳል። በወረቀት የሚገባ አሳይመንት ጥር 10 ስድስት ኪሎ ይምጣ ማለት ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ በሚወርዱበት፣ መንገዱ በሚዘጋበት በከተራ ዕለት ተማሪውን ና ማለት ነው። ጥር 11 ጥምቀት፣ 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 14ን ማሰብ ነው። ኢድ በጨረቃ መታየት ስለሚቆረጥ አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ይላል፤ በሚጠበቀው ዕለትና በማግሥቱ ቀን አለመቁረጥ ብቻ በቂ ነው።

በወረቀት ለሚሰጥ ሥራ የመጨረሻው ጧት የሚያልቀው ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ባሉት ፕሪንት ቤቶች ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ሰልፉ ደጅ ወጥቷል። ፍላሹ ይሰካል፤ ፎልደሩ ሾርትከት ሆኗል፤ ሲጫኑት አይከፈትም። ቫይረሱ ዋናውን ፎልደር ደብቆት ነው እንጂ ፋይሉ አልጠፋም፤ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ነገር ግን ከኋላ አሥር ሰው ቆሟል። ፋይሉ ሲከፈት ደግሞ የፕሪንት ቤቱ ወርድ የቆየ ቅጂ ስለሆነ ሠንጠረዡ ተሰብሮ ሁለት ገጽ ላይ ተንጠልጥሏል። በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ ተጽፎ ከነበረ አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል፤ ፎንቱ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የለምና። ይህ ሁሉ ቀድሞ የሚቀር ነው። ከመነሻው በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት መጻፍ፣ በዋዜማው ወደ ፒዲኤፍ መቀየር፣ የፋይሉን ስም በተማሪው ስም፣ መታወቂያ ቁጥርና ኮርስ መሰየም፣ አንድ ቅጂ ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ። በኦንላይን ለሚገባም የራሱ ወጥመድ አለው፦ በእጅ የተሠራ 20 ገጽ በስልክ ፎቶ ተነስቶ 40 ሜጋባይት ይሆናል፣ ሲስተሙ የሚቀበለው 10 ብቻ ነው። በስካን አፕ በጥቁርና ነጭ ቢነሳ ከዚያ በጣም ያነሰ ይሆናል። ተማሪው ይህን የሚያውቀው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ለዚህ ነው ከቀነ ገደቡ በኋላ አንድ ሰዓት የፋይል መጫኛ ጊዜ መስጠትን የምደግፈው። አንዳንዶች «ከተናገርን አዲሱ ዴድላይን እሱ ይሆናል» ብለው በሆዳቸው ይይዙታል። ግን የተደበቀው ከሲኒየር ተማሪ ወሬ ለሰማው ብቻ ይደርሳል። ይጻፍ።

አንዳንድ ቀን ግን መነቃነቅ የለበትም። ከላብራቶሪ በፊት የሚሰጥ ዝግጅት ከላብራቶሪው በኋላ ዋጋ የለውም። ክፍሉ እርስ በርሱ የሚተራረምበት ረቂቅ፣ ፕረዘንቴሽን፣ የግሩፕ ሥራ ውስጥ ሌላው የሚቀጥልበት ክፍል፣ ሬጅስትራር ማርክ ከሚዘጋበት ቀን ጋር የተጣበቀ የመጨረሻ ፕሮጀክት፣ ሁሉም ሌላ ሰው የሚጠብቃቸው ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ አሳይመንቶች የሚጠብቃቸው የእርማት ወረፋ ብቻ ነው፤ የ60 ተማሪ ወረቀት ደግሞ በአንድ ሌሊት አይታረምም። ተማሪ ይህን ልዩነት ቢነገረው ይቀበላል። «ይህ የማይንቀሳቀሰው መልሱ ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ስለሚሠራ ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው።

ለሚንቀሳቀሱት ከሁሉ የሚሻለው የመጠባበቂያ ቀን አሠራር ነው። በአሜሪካ በተለይ የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርሶች ላይ የተለመደ ነው፤ እኛ ጋ ሥራ ላይ ለማዋል ግን ዝርዝሩን በጥንቃቄ መያዝ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ተማሪ ለሴሚስተሩ 4 ቀን ይሰጠዋል። አንዱ ቀን 24 ሰዓት ነው፣ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። ለአንድ አሳይመንት ከ2 ቀን በላይ አይወጣም፤ በሦስተኛው ቀን መልሱ ክፍል ውስጥ ስለሚወራ። ምክንያት አይጠየቅም፣ ማመልከቻ አይጻፍም፤ ፋይሉ የገባበት ሰዓት ራሱ ጥያቄው ነው። በግሩፕ ሥራ አንድ ቀን ሲዘገይ ከእያንዳንዱ አባል አንዳንድ ቀን ይቀነሳል፤ ያለቀበት ካለ ቅጣቱ እሱን ብቻ ያገኘዋል። ለመጨረሻው ሥራ አይሠራም። ሙድል ላይ ሁለት ቀን አለ፦ ዲው ዴት፣ ከዚያ በኋላ የገባውን ዘግይቷል ብሎ የሚመዘግበው፤ ከት ኦፍ ዴት፣ በሩን የሚዘጋው። ብዙ መምህር ሁለተኛውን ሳይሞላው ይተዋል፣ በሩም እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ክፍት ይቀራል። ከት ኦፉን ከዲው ዴቱ ሁለት ቀን ከአንድ ሰዓት በኋላ ማድረግ ነው።

የሚበላሽበትም ቦታ ይታወቃል። የመጀመሪያው አሳይመንት ላይ ብዙው ሁለቱን ቀን ወዲያው ያወጣል፣ ለሁለተኛው ቀሪውን፤ ኅዳር ላይ ሲታመም እጁ ባዶ ነው። እርማት በተመለሰ ቁጥር ቀሪውን ቀን አብሮ መጻፍ ይህን በጣም ያስተካክላል፤ በኤክሴል አንድ ዓምድ ነው። አራቱንም ሳይነካ የጨረሰ ተማሪ ቦነስ ይሰጠኝ ሲል አለመስጠት ይሻላል። ቀኑ ወደ ማርክ ከተመነዘረ የታመመ ሰው ማርክ እየከፈለ ነው የሚታመመው።

ቀኑ ላለቀበት የቅጣቱ ልክ ይታሰብበት። አሳይመንቱ ከ100 15 ይያዝለት፣ የተማሪው ሥራ 12 የሚያወጣ ይሁን፣ በጊዜው ቢገባ ድምሩ 82 ነው እንበል። በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራበት ስኬል ኤ ማይነስ ነው። «ከዘገየ ዜሮ» ከተባለ 70 ይሆናል፣ ቢ። ሁለት ሰዓት መዘግየትና ጨርሶ አለመሥራት አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ ያመለጠው ተማሪ ሥራውን የሚጨርስበት ምክንያት አይኖርም፣ ወይ ደግሞ ዜሮውን ፈርቶ የጓደኛውን ኮፒ አድርጎ በሰዓቱ ያስገባል። በቀን 10 በመቶ ቢቀነስ ግን በሁለት ቀን 3 ማርክ ነው፤ 79፣ ቢ ፕላስ። ያማል፣ አይገድልም። 10 በመቶው ከ15ቱ ነው ወይስ ከተገኘው 12 የሚለውም ይጻፍ። ከ15 ከሆነ በቀን 1.5፣ ከ12 ከሆነ 1.2 ነው፤ ይህ ካልተጻፈ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቢሮ በር ላይ ሰልፍ ይሆናል።

ከአንድ ትልቅ ቀን ይልቅ ትንንሽ ቀኖች ይሻላሉ፤ ለተርም ፔፐር በተለይ። 15ቱን በአራት መክፈል ነው፦ ርዕስና ጥያቄ በ4ኛው ሳምንት 2 ማርክ፣ ንድፍ ከአምስት ምንጭ ጋር በ7ኛው 3፣ ረቂቅ በ10ኛው 4፣ የመጨረሻው በ13ኛው 6። ለመምህሩ እርማት ይጨምራል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን በሁለት ደቂቃ ማየት ይቻላል። ኮፒ ፔስትም ሆነ ቻት ጂፒቲ በአንድ ሌሊት የጻፈው ወረቀት በዚህ መንገድ ለመግባት ይቸገራል፤ በ4ኛው ሳምንት ያልነበረ ጥያቄ በ13ኛው ከየት ይመጣል? ኩዊዝ ለሚሰጥ ደግሞ ከ10ሩ ከሁሉ ያነሱትን 2 መጣል የሕክምና ወረቀት መሰብሰብን ያስቀራል።

ከመጠባበቂያ ቀን ውጭ መታየት ያለበት አለ። ለቅሶ አንዱ ነው። ቤተሰቡ ጎንደር ለሆነ ተማሪ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ መሄጃና መመለሻው ቢያንስ ሁለት ቀን ይበላል፣ ሣልስቱ ሲጨመር «ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ» ምንም አይደለም። አንድ ሳምንት ተሰጥቶ ማስረጃ ባይጠየቅ እመርጣለሁ። ዓይነ ሥውር ተማሪም የተለየ ነው። ንባቡ ስካን የተደረገ ፎቶ ኮፒ ከሆነ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም ምንም አያገኝበትም፤ ለፕሮግራሙ ሥዕል ነው። የሚያነብለት ሰው እስኪገኝ ሳምንት ያልፋል። እዚህ ላይ ቀን መጨመር ሁለተኛው ነገር ነው፤ መጀመሪያ ንባቡን በጽሑፍ መስጠት ይቀድማል።

የማታ ተማሪዎችም አሉ። በእኛ «ኤክስቴንሽን» ሲባል ቀን ማራዘም ሳይሆን የማታ ትምህርት ነው፤ ቀን የሚያስፈልገውም ለእነሱ ነው። ከሥራ ወጥቶ በታክሲ ሰልፍ አልፎ ክፍል ለሚገባ ሰው የሥራ ጊዜው እሑድ ነው። ሰኞ ማታ የተሰጠ አሳይመንት ዓርብ ይግባ ማለት አንድም ባዶ ቀን ሳይሰጡ መጠየቅ ነው። በመካከሉ ሁለት እሑድ ይግባበት።

ለተማሪው አንድ ነገር ልጨምር፣ አጠያየቁን። «ቲቸር ፕሊስ» የሚለው ለመምህሩ የሚወስኑበት ምንም ነገር አይሰጣቸውም። ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት፣ በራስ ስም፣ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሁለተኛውን አሳይመንት ጥያቄ 1 እና 2 ጨርሻለሁ፣ ፋይሉን አያይዣለሁ። ጥያቄ 3 ይቀረኛል፤ አባቴ ስለታመሙ ከማክሰኞ ጀምሮ ሆስፒታል ነበርኩ። የመጠባበቂያ ቀኔ አልቋል። እስከ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ቢፈቀድልኝ እጨርሳለሁ።» የተሠራው አለ፣ የቀረው ተለይቷል፣ ቀኑ ተቆርጧል። መልሱን በደቂቃ መስጠት ይቻላል።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ተወካዩ ሲጽፍም መምህሩ ክፉ ሳይሆኑ የሚመልሱት ይኖራቸዋል፦ «ደህና አመሸህ። ነገ ከቀኑ 11 ሰዓት እንዳለ ነው። ያልደረሰለት ሰው ከመጠባበቂያው ያውጣ፣ የእያንዳንዱ ቀሪ ቀን ዝርዝር ላይ አለ። የተለየ ችግር የገጠመው ካለ በግል ይጻፍልኝ። አሁን ሂዱና ተኙ።»